ፊልሙ ከመምጣቱ በፊት መጽሐፉን ያንብቡ

አንድ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ በፊልም ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ሰሙ እንበል። መጽሐፉን ገና አላነበቡትም። ፊልሙን ይጠብቁ ወይስ መጽሐፉን ያስቀድሙ? መልሱ አጭር ነው፤ መጽሐፉን ያስቀድሙ። ለምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚነበብ፣ በአሰላ ከተማ ወይም በአርሲ ደጋ ለሚኖር ሰው ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ አንድ በአንድ እንይ።

ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ምስጢር ያዘለ ታሪክ ለአንድ ሰው ምስጢር የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ ሰላዩ የትኛው እንደሆነ አንዴ ካወቁ በኋላ ወደ አለማወቅ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ያቺን የመጀመሪያ ጊዜ በጥንቃቄ ማዋል ያስፈልጋል። መጽሐፉ አቦል ነው፤ ፊልሙ ቶና። ሁለቱም ደስ ይላሉ፤ አቦሉን ዘሎ ከቶና የሚጀምር ግን የለም።

ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ምን ዓይነት ልቦለድ ነው?

ሁሉም ልቦለድ ልብ አንጠልጣይ አይደለም። ልብ አንጠልጣይ የሚባለው «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያሰኘ አንባቢውን ከገጽ ወደ ገጽ የሚስበው ነው። ብዙውን ጊዜ ወንጀል፣ ስለላ፣ የጠፋ ሰው ወይም የተደበቀ ነገር አለበት። አንድ ሰው ያን ምስጢር ለመፍታት ይሮጣል። ያለው ጊዜ ግን አጭር ነው።

ደራሲው ፍጥነቱን የሚያመጣው በጥቂት ዘዴዎች ነው። አንደኛው ምዕራፎቹን ማሳጠር ነው። ሁለተኛው ምዕራፉን ነገሩ ሳይቋጭ ማቆም ነው። በሩ ይንኳኳል፤ ያንኳኳው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። ሦስተኛው አሳሳች ፍንጭ ነው። ፍንጭ ወደ ምስጢሩ የሚያመራ ትንሽ ምልክት ነው። አሳሳች ፍንጭ ደግሞ የተሳሳተውን ሰው እንድንጠረጥር ሆን ተብሎ የሚቀመጥ ነው። አራተኛው የጊዜ ገደብ ነው። እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ካልተደረሰበት አንድ ክፉ ነገር እንደሚፈጸም አንባቢው ከመጀመሪያው ያውቃል።

እነዚህን ዘዴዎች ማወቅ የንባብን ደስታ አይቀንስም፤ ይጨምራል። ደራሲው የት እንዳሳሳተዎት እያዩ መሄድ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው።

በአማርኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለ?

አለ፤ ከጀመረም ቆይቷል። ማሞ ውድነህ «የካይሮው ጆሮ ጠቢ»ን የመሳሰሉ የስለላ ታሪኮችን በአማርኛ አቅርበው ብዙ ወጣት አንባቢ አፍርተዋል። አሜሪካዊው ሲድኒ ሸልደንም በአማርኛ ትርጉም በሰፊው ተነቧል። ሸልደን ልቦለድ ከመጻፉ በፊት የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ለወጣ ፊልም በጻፈው ድርሰት ኦስካር ተሸልሟል። ምዕራፎቹ እንደ ፊልም ትዕይንት ቶሎ ቶሎ የሚቀያየሩት አለምክንያት አይደለም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» አለ። በ2001 ዓ.ም. ታተመ። ጣናን፣ ገዳማትንና የስለላ ድርጅቶችን በአንድ ታሪክ አጣምሮ ከዚያ በፊት ልቦለድ ያልለመደውን ወጣት ሁሉ አስነብቧል።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጥ ብባል ግን የምመርጠው የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ነው። በፊልም ባየሁት ብለው ብዙዎች የሚመኙት ልቦለድ ስለሆነ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ምሳሌያችን እናድርገው።

«ኦሮማይ» ስለ ምንድን ነው?

ታሪኩ የሚካሄደው አሥመራ ውስጥ ነው። ጊዜው በ1974 ዓ.ም. የተጀመረው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ነው። ደርግ በዚህ ዘመቻ ኤርትራ ውስጥ የሚዋጋውን ሻዕቢያን ለመጨረሻ ጊዜ ለመምታት አስቦ ነበር። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። ሮማን የምትባል እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አሥመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታ ከምትባል ሴት ጋር ይተዋወቃል። ከተማው በሰላዮች የተሞላ ነው። ማን ለማን እንደሚሠራ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የቀረውን ራስዎ ይድረሱበት።

ደራሲው የጻፈው ከሩቅ ሰምቶ አይደለም። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ በዘመቻው ተሳትፏል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ መዞሩን ቀጠለ። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ በግልጽ እየታተመ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል።

የዘመቻው መጨረሻ ይታወቃል፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚያጓጓው?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሻዕቢያ ምሽግ የነበረችውን ናቅፋን ሳይዝ መቅረቱን ታሪክ መዝግቦታል። አንባቢው ይህን እያወቀ ገጹን ይገልጣል። የማያውቀው የሰዎቹን ዕጣ ነው። ጸጋዬ ምን ይሆናል? ፊያሜታ ማን ናት? የሚያጓጓው ይህ ነው።

ከውጭው ዓለም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ፎርሳይዝ እ.ኤ.አ. በ1971 «የጃካል ቀን» የሚል ልቦለድ አሳተመ። ታሪኩ የፈረንሳይን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ነፍሰ ገዳይ ነው። ደ ጎል ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ቤታቸው ውስጥ በሕመም ሞተው ነበር። አንባቢው ሁሉ ግድያው እንደማይሳካ እያወቀ መጽሐፉን መጣል አልቻለም። ከ2 ዓመት በኋላ በፊልም ተሠራ፤ ተመልካቹም እንዲሁ መቀመጫውን አጥብቆ ይዞ አየው። «ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ሲዘጋ «እንዴት ሆነ?» የሚለው ይከፈታል።

ታዲያ ፊልሙን አስቀድሜ ባይ ምን እጎዳለሁ ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። አጫጭር ታሪኮችን መጨረሻቸው አስቀድሞ ለተነገራቸውና ላልተነገራቸው ሰዎች አስነበቡ። የተነገራቸው ሰዎች ታሪኮቹን ይበልጥ ወደዷቸው። ስለዚህ መጨረሻውን ማወቅ ብቻውን ታሪኩን አይገድለውም።

የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። ፊልሙን አስቀድመው ካዩ የገጸ ባሕርያቱ መልክ ተሰጥቶዎታል። ገጸ ባሕርይ ማለት በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ነው። መጽሐፉን ሲከፍቱ የሚታይዎ ተዋናዩ ነው፤ የእርስዎ ጸጋዬ፣ የእርስዎ ፊያሜታ ሳይወለዱ ይቀራሉ። ጥርጣሬዎም ይወሰዳል። በመጽሐፍ አንድን ሰው ለ3 ቀን ሊጠረጥሩት ይችላሉ። ከፊልም በኋላ ግን የሚጠረጥሩት ሰው የለም።

መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲመጣ ምን ይቀየራል?

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ፊልም የሚሠራው ከፊልም ድርሰት ነው፤ ብዙዎች ስክሪፕት ይሉታል። ተዋንያኑ የሚናገሩትና የሚያደርጉት ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት ነው። በሙያው ልማድ አንድ የስክሪፕት ገጽ በአማካይ አንድ ደቂቃ ይሆናል። የ2 ሰዓት ፊልም እንግዲህ ወደ 120 ገጽ ነው። ገጾቹም ብዙ ባዶ ቦታ አላቸው። የአንድ ልቦለድ 350 ጥቅጥቅ ያሉ ገጾች እዚያ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ መቁረጥ ግድ ነው።

የመጀመሪያው ቆረጣ ሰዎችን መቀነስ ነው። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል የጻፈችውን ትልቅ ልቦለድ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀቶች ላይ ተርጉሞታል፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው ፊልሙ 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። እንዲያም ሆኖ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የዋናዋ ሴት የመጀመሪያ ሁለት ልጆች በፊልሙ የሉም። ያ ርዝመት ያልበቃው ታሪክ በ2 ሰዓት ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይገምቱ።

ሁለተኛው ሰዎችን መለወጥ ነው። የሮበርት ብሎክ «ሳይኮ» እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመ ልቦለድ ነው። በመጽሐፉ የመንገደኛ ማረፊያው ባለቤት ኖርማን ቤትስ ወፍራም ጎልማሳ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ፊልሙን ሲሠራ ቀጭንና ዓይናፋር ወጣት አደረገው። ለምን? ተመልካቹ ልጁን ወዶት እንዲዘናጋ ነው። ይህ ለውጥ ፊልሙን አልጎዳውም። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን የዳይሬክተሩን ብልሃት በግልጽ ያያል። ዳይሬክተር ማለት የፊልሙን ሥራ የሚመራው ሰው ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ሐሳብን ማሳየት ነው። «ኦሮማይ»ን የሚነግረን ራሱ ጸጋዬ ነው፤ «እኔ» እያለ። ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ራሱን የት እንደሚያታልል እንሰማለን። ካሜራ ግን ፊትን እንጂ ሐሳብን አያነሳም። ፊልም ሠሪው ወይ ከጀርባ የሚሰማ የተራኪ ድምፅ ያስገባል፣ ወይ ሐሳቡን ወደ ንግግር ይለውጠዋል፣ ወይ ለተዋናዩ ፊትና ለሙዚቃው ይተወዋል። አሜሪካዊቷ ጊሊያን ፍሊን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው «የጠፋችው ልጅ» በተባለ ልቦለድ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ይተርካሉ። በ2014 ለወጣው ፊልም ስክሪፕቱን የጻፈችው ራሷ ደራሲዋ ናት። እሷም ብትሆን የሚስቲቱን ማስታወሻ ለማስገባት ከጀርባ የሚሰማ ድምፅ ተጠቅማለች።

እዚህ ላይ የፊልምን ውለታ መርሳት አይገባም። መጽሐፍ በ5 ገጽ የሚነግረንን የአሥመራ ጎዳና ፊልም በአንድ አፍታ ያሳየናል። የጦርነትን ድምፅ ያሰማናል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ደስታው እጥፍ ነው፤ በሐሳቡ የሠራውን ከተማ በዓይኑ ከሚያየው ጋር ያስተያያል።

ከአርሲ የወጣ ታሪክ በፊልም ታይቷል?

አዎ፤ ልቦለድ ባይሆኑም ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» የተባለ ፊልም ከልጅነቱ ጀምሮ በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ እስካገኘበት ያለውን ታሪክ ያሳያል። ኃይሌ በፊልሙ ራሱን ሆኖ ተውኗል። ሩጫው እንደሚሳካ የማያውቅ ተመልካች አልነበረም። ሰውን የያዘው እንዴት እዚያ እንደደረሰ ማየቱ ነው።

ሁለተኛው «ድፍረት» ነው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። መነሻው በአርሲ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችበትና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ የተሟገተችበት እውነተኛ የፍርድ ጉዳይ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በሳንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በፊልሙ የልጅቱ ስም ሂሩት ተብሏል። እውነተኛ ታሪክም ቢሆን በፊልም ሲሠራ ስም እንደሚቀየርና ነገሩ እንደሚያጥር ከዚህ ይታያል። በአዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ምሽት ፊልሙ በፍርድ ቤት እግድ ቆሞ ነበር። የአንድ ታሪክ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል።

ልቦለድን በፊልም ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ደንግጓል። የቅጅ መብት ማለት ደራሲው በሥራው ላይ ያለው የባለቤትነት መብት ነው። መጽሐፉን ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ተውኔት ወይም ወደ ፊልም መለወጥ የሚፈቅደው እሱ ነው። ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱ ይቆያል፤ ከሞት በኋላ የሚይዙት ወራሾቹ ናቸው።

ይህ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ፊልም ይሠራል ተብሎ ዓመታት ሲያልፉ አይገረሙ፤ ከገንዘቡ በፊት የፈቃዱ ስምምነት አለ። ሁለተኛ፣ በስልክ ከሰው ወደ ሰው የሚላከው የመጽሐፍ ቅጂ ብዙውን ጊዜ ያለ ፈቃድ የተባዛ ነው። ለደራሲውም ሆነ ለወራሾቹ ምንም አይደርሳቸውም። አዲስ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ እንዲጻፍልን የምንፈልግ ከሆነ በዚያ መንገድ አናንብብ።

መጽሐፉን አሰላ ሆኜ እንዴት ላግኘው?

በመጀመሪያ የከተማውን መጻሕፍት መደብርና አዟሪዎችን ይጠይቁ። ባይኖራቸው ስሙን ጽፈው ይስጧቸው፤ ዕቃ ለማምጣት ሲሄዱ ይዘውልዎ ይመጣሉ። የትምህርት ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆኑ ቤተ መጻሕፍቱን ሳይጠይቁ ገንዘብ አያውጡ።

መጽሐፉ አሰላ ከሌለ አዲስ አበባ ድረስ ለዚህ ብቻ አይሂዱ። መንገዱ በአዳማ በኩል ወደ 175 ኪሎ ሜትር ነው፤ የደርሶ መልሱ ትራንስፖርት የመጽሐፉን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የሚመጣ ዘመድ ወይም የሚያውቁት ሹፌር ካለ ይላኩ። እዚያ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ከሄዱ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የ4 ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብተው ማንበብ ይችላሉ።

በቆጂ፣ ሳጉሬ፣ ኢተያ ወይም ሁሩታ ላሉትም መላው ያው ነው። ወደ አሰላ ወይም አዳማ የሚመላለስ ሰው ይፈልጉ፤ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም በወረቀት ጽፈው ይስጡት። በቃል ከላኩ የሌላ ደራሲ መጽሐፍ ሊመጣ ይችላል።

ምን ያህል ያስወጣኛል?

አራት መንገዶች አሉ። አዲስ መግዛት ውዱ ነው። ዋጋው ብዙውን ጊዜ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ታትሟል፤ ሻጩ ከዚያ በላይ ከጠራ ይጠይቁ። ያገለገለ መግዛት ይረክሳል፤ ዋጋውም በድርድር ነው። ከመክፈልዎ በፊት ግን ገጾቹን ይቁጠሩ። የልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የመጨረሻ ገጽ ተቀዶ ከጠፋ መጽሐፉ ለምንም አይሆንም።

ሦስተኛው መከራየት ነው። መጽሐፍ የሚያከራዩ ሰዎች መያዣ ተቀብለው በቀን ሒሳብ ያስከፍላሉ። መያዣ ማለት መጽሐፉን ሲመልሱ የሚመለስልዎ ገንዘብ ወይም መታወቂያ ነው። እንዲህ ያለ ልቦለድ ቶሎ ስለሚነበብ ኪራይ ያዋጣል። አራተኛው በጋራ መግዛት ነው። መጽሐፉ 400 ብር ቢሆን ለአራት ጓደኛ የአንዱ ድርሻ 100 ብር ነው። በዕጣ ተራ ይያዛል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ይሰጣል። በአንድ ወር ሁሉም ያነበዋል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሲመጣ አራታችሁም የምትነጋገሩበት ነገር ይኖራችኋል።

ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ጊዜም ወጪ ነው፤ እሱንም እናስላ። አንድ ገጽ በ2 ደቂቃ የሚያነብ ሰው 350 ገጽ ለመጨረስ 700 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ይህ 12 ሰዓት ሊሞላ 20 ደቂቃ የሚቀረው ነው። በቀን 50 ገጽ ካነበቡ በ7 ቀን ያልቃል። በቀን 25 ገጽ ቢሆን 14 ቀን ይፈጃል። ከዚያ በታች አይውረዱ። ታሪኩ የተጻፈው ለፍጥነት ነው፤ በየሳምንቱ 10 ገጽ ብቻ የሚነበብ ከሆነ ፍንጮቹ ይረሳሉ፤ ጉጉቱም ይበርዳል።

የአርሲ ክረምት ለዚህ የተመቸ ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የጭላሎ ተራራ በደመና ሲሸፈን፣ ዝናቡም ሲያዘወትር ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው። መብራት ቢጠፋ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል እንጂ መጽሐፉ አይዘጋም፤ ገና ቀን ከሆነ በመስኮት ብርሃን ይነበባል።

ማንበብ የማይችል ሰው ቤት ውስጥ ቢኖርስ?

ድምፅ አውጥተው ያንብቡለት። አገራችን ይህን ልማድ ታውቀዋለች። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ማንበብ የማይችለውም ሰው ታሪኩን በልቡ ይዞታል። ዛሬም ድረስ የታሪኩን ፍቅረኞች በዛብህንና ሰብለን በወጋየሁ ድምፅ የሚያስታውስ ብዙ ነው።

በቤትዎ አፋን ኦሮሞ የሚቀላቸው እናትና አባት ካሉ አንድ ምዕራፍ አንብበው በቋንቋቸው ይተርኩላቸው። ምዕራፉ ሳይቋጭ ሲቆም «ቀጥሎስ?» ማለታቸው አይቀርም። ልጆች አብረው ካሉ ግን አስቀድመው ይመልከቱት፤ «ኦሮማይ»ን ጨምሮ ብዙዎቹ ለአዋቂ የተጻፉ ናቸው።

እንዴት ብዬ ላንብበው?

አንደኛ፣ ከፊልሙ ማስታወቂያ ይራቁ። ትሬለር የሚባለው አጭር የማስተዋወቂያ ፊልም ብዙ ጊዜ ምርጥ ትዕይንቶችን አስቀድሞ ያሳያል። የመጽሐፉንም የመጨረሻ ገጽ አይግለጡ።

ሁለተኛ፣ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ የሰዎቹን ስም ይጻፉ፤ ወረቀቷን ምልክት አድርገው መጽሐፉ ውስጥ ይተዉአት። የስለላ ታሪክ ብዙ ሰው አለበት፤ አንዳንዱም ሁለት ስም አለው።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ መሐል ላይ ሲደርሱ ቆም ይበሉ። ማንን እንደሚጠረጥሩና ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፉ። ሲጨርሱ ያስተያዩት። የተሳሳቱ እንደሆነ አሳሳቹን ፍንጭ ፈልገው ያግኙት፤ የደራሲውን ችሎታ የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ፣ ጨርሰው ወዲያው ወደ ፊልሙ አይሩጡ። አንድ ሁለት ሳምንት ይስጡት። ገና ትናንት ያነበቡት ከሆነ የተቆረጠውን ሲቆጥሩ ፊልሙ ያልፍዎታል።

ፊልሙን አይቼው ከሆነስ?

አልረፈደም። ከላይ ያየነው ጥናት እንደሚያሳየው መጨረሻውን የሚያውቅ ሰውም ይደሰታል። በዚህ ጊዜ «ማን ነው?» እያሉ ሳይሆን «ምን ተቆረጠ? ለምን?» እያሉ ያንብቡ። በፊልሙ ለአፍታ ታይቶ ያለፈው ሰው በመጽሐፉ ሙሉ ሕይወት ይኖረዋል።

ምስጢሩን ላላነበበ ሰው ብነግረው ምን አለበት?

አይንገሩ። አጋታ ክሪስቲ በጻፈችው የወንጀል ታሪክ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ አንድ የፍርድ ቤት ፊልም ሲያልቅ፣ መጨረሻውን ለሌላ ሰው እንዳትናገሩ የሚል ልመና ለተመልካቹ ያሰማ ነበር። ሂችኮክም «ሳይኮ» ከተጀመረ በኋላ ማንም ወደ አዳራሽ እንዳይገባ አዝዞ ነበር። ሁለቱም የጠበቁት ያቺን የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጓደኛዎ የሚያገኛት አንዴ ብቻ ስለሆነ አይቀሙት።

እንግዲህ ፊልሙን ከመጠበቅ ዛሬ መጽሐፉን ይጠይቁ። ፊልም መሥራት ዓመታት ይወስዳል፤ የታሰበውም ሊቀር ይችላል። መጽሐፉ ግን ታትሞ አለ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በቀን 50 ገጽ ይመድቡ፤ ሲጨርሱ ለጎረቤትዎ ያውሱ፤ መጨረሻውን ግን አይንገሩት።